«ፊደሉ ጠፋ» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው? የጽሑፍ ኮንሶል ታሪክና የስያሜዎቹ ጉዳይ

መግቢያ

አንድ ቴክኒካዊ ስያሜ በቂ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ጐልቶ የሚታየው መሣሪያው በደኅና ሲሠራ ሳይሆን ሲበላሽ ነው። መሣሪያው በደኅና ሲሠራ ስለ ክፍሎቹ የሚነጋገር ጥቂት ነው፤ ሲበላሽ ግን የተበላሸውን ክፍል ለይቶ በስሙ መጥራት ግድ ይሆናል። ስም የሌለው ክፍል ቢበላሽ ብልሽቱ የሚነገረው በጎረቤቱ ስም ነው፤ ጠጋኙም የሚሄደው ወደ ጎረቤቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጠባብ ጉዳይ ነው። ይኸውም ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ሥዕልና መስኮት የሌለበት፣ ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት ገጽ፣ ማለትም የጽሑፍ ኮንሶል፣ አማርኛ ሲቀርብለት የሚያሳየው ብልሽት ነው። ይህን ገጽ ተራ ተጠቃሚ ዘወትር አያየውም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ፣ የመስኮቱ ሥርዓት አልነሣ ሲል፣ ወይም ባለሙያ ሥርዓቱን ከሥሩ ሲጠግን ብቅ ይላል። ሆኖም የሥርዓቱን መልእክቶች ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የድካሙ ፍሬ በዚህም ገጽ ላይ ይወጣል፤ በወጣም ጊዜ የአራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ረድፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ የሚሰማው አቤቱታ «ፊደሉ ጠፋ» ወይም «ማሽኑ አማርኛ አይችልም» የሚል ነው። የመጀመሪያው አነጋገር የጠፋው ነገር የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። ሁለተኛው ደግሞ ወደፊት እንደምናሳየው እውነትነት የለውም።

ልናስረዳ የምንሻው ነጥብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። «ፊደል» የምንለው አንድ ቃል በኮንሶሉ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይሸፍናል፤ እነርሱም ቁጥሩ፣ ቅርጹና ቁጥሩን ከቅርጹ የሚያገናኘው ሰንጠረዥ ናቸው። ሦስቱም በየራሳቸው ይበላሻሉ፤ የእያንዳንዳቸውም ብልሽት የራሱ ምልክት አለው። የተለያዩትም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በታሪክ ሂደት ስለ ሆነ፣ ስያሜያቸውን ለማቃናት ታሪካቸውን መከተል ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሀ. ከወረቀት ወደ መስተዋት

«ኮንሶል» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን በሕንፃ ሥራ ከግድግዳ ወጣ ብሎ ሌላውን አካል የሚሸከም ደጋፊ ማለት ነበር። ከዚያም ኦርጋን የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ የሚመታበትን ገበታ፣ በኋላም የማናቸውንም ትልቅ መሣሪያ መቈጣጠሪያ ገበታ ለመጥራት ዋለ። ወደ ኮምፒዩተር የገባውም በዚህ በመጨረሻው ትርጉሙ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ገበታዎች መስተዋት አልነበራቸውም። በ1969 ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲጀመር ሰዎች ከማሽኑ ጋር ይነጋገሩ የነበሩት በቴሌታይፕ፣ ማለትም በሽቦ የመጣለትን ቁጥር በወረቀት ላይ በሚያትም የጽሕፈት መኪና አማካይነት ነበር። ከነዚህ እጅግ የታወቀው በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ነው። በዚያው ዓመት አስኪ የተባለው የአሜሪካ የቁጥር ሥርዓት ታወጀ። ይህ ሥርዓት 128 ቁጥሮች ሲኖሩት፣ በኋላ በጸናው መልኩ 95ቱ የሚታተሙ ምልክቶች፣ 33ቱ ደግሞ «መስመር ቀይር»፣ «ደወል ደውል» የሚሉትን የመሳሰሉ ትእዛዞች ናቸው። ሊኑክስ እስከ ዛሬ ድረስ እያንዳንዱን ኮንሶል «ቲቲዋይ» ብሎ የሚጠራው የቴሌታይፕን ስም አሳጥሮ ነው።

በቴሌታይፕ ዘንድ ቁጥሩና ቅርጹ አይለያዩም። ቁጥሩ ሲመጣ ያ ብረት ወረቀቱን ይመታል፤ ቅርጹ በብረቱ ላይ የተቀረጸ ነውና ሊለወጥ አይችልም። የአማርኛው የጽሕፈት መኪናም በዚህ ረገድ ያው ነበር፤ የቦታ እጥረቱን የተወጣው ዋናውን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ በመምታት ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ዘመን «ፊደል» የሚለው አንድ ቃል ለሁሉም ይበቃል።

መለያየቱ የመጣው በወረቀቱ ምትክ መስተዋት ሲገባ ነው። በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ቪቲ100 የተሰኘውን ተርሚናል አወጣ። ገጹ 24 መስመር፣ እያንዳንዱ መስመር 80 ቦታ ነበረው፤ 80 የሚለውም ቁጥር በ1928 አይቢኤም ካወጣው ባለ 80 ዓምድ ቀዳዳ ካርድ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ብረት የለም። በማስታወሻ ውስጥ በነጥብ የተሣለ ቅርጽ አለ፤ ቁጥሩ ሲመጣ ማሽኑ ከማስታወሻው ቅርጹን ፈልጎ ይሥላል። በዚህ አኳኋን ቁጥርና ቅርጽ ሁለት ነገሮች ሆኑ።

ከዚሁ ጋር ሌላ ልማድ ተተከለ። በ1979 በጸደቀው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት፣ ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ፣ ቀለም ለመለወጥ ወይም ገጹን ለማጥፋት የሚያገለግሉ ትእዛዞች ከጽሑፉ ጋር በአንድ ሽቦ ይመጣሉ። ትእዛዝ መሆናቸው የሚታወቀው 27 በሚለው ቁጥርና በከፋች ካሬ ቅንፍ ሲጀምሩ ነው። ባለ 8 ቢት በሆነው አጻጻፍ ደግሞ ሁለቱን በአንድነት የሚተካ አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም 155 ነው። አንባቢው ይህን ቁጥር እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ ከአማርኛ ጋር ይጋጫልና።

ለ. 256 እና 512

በ1987 አይቢኤም ያወጣው ቪጂኤ የተባለው የማሳያ ሥርዓት የጽሑፍ ገጽን በ25 መስመርና በ80 ዓምድ፣ ማለትም በ2000 ሣጥኖች ይከፍለዋል። ለእያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ባይት ተመድቧል። አንዱ የቅርጹን ተራ ቁጥር፣ ሌላው ቀለሙን ይይዛል። አንድ ባይት ከ256 በላይ ልዩነት ስለማይዝ ገጹ በአንድ ጊዜ ሊያሳይ የሚችለው 256 ቅርጾችን ብቻ ነው። ከዚያ ማለፍ ከተፈለገ ከቀለሙ ባይት አንድ ቢት ይወሰድና ለቅርጽ መምረጫ ይውላል፤ ቅርጾቹ 512 ይሆናሉ፤ የጽሑፉ ቀለሞች ግን ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ። ስለዚህ ሰፋ ያለ የቅርጽ ስብስብ ሲጫን ደማቁ ጽሑፍ ድምቀቱን ቢያጣ ወይም ቀለሙ ቢዛባ ብልሽት አይደለም፤ የተከፈለ ዋጋ ነው።

የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያ የጻፈው ተርሚናልን የሚመስል ፕሮግራም ነበር፤ ዓላማውም ከቤቱ ሆኖ ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ጋር መገናኘት ነው። ሊኑክስ ከዚህ ስላደገ የቪቲ100ን የትእዛዝ ልማድና የግል ኮምፒዩተሩን የሣጥን ሥርዓት አንድ ላይ ወረሰ። በኋላ ዘመን ኮንሶሉ ገጹን በነጥብ የሚሥልበት አሠራር መጣ። በ2009 ደግሞ የገጹን መጠን የማስተካከሉ ሥራ ወደ ሥርዓቱ እምብርት መዛወር ጀመረ። ሆኖም በነጥብ መሣል ከተቻለ በኋላም የ512 ወሰን እንዳለ ቀርቷል፤ የሣጥኑ አቀማመጥ ከአሮጌው የተወረሰ ነውና።

ሐ. የግእዝ ሆሄያት ቁጥር ያገኙበት ጊዜ

እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለግእዝ ሆሄያት ዓለም አቀፍ ቁጥር አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የነበሩት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በአስኪ ምልክቶች ብቻ የሚጽፍ ሥርዓት አዘጋጁ። የሥርዓቱ ምሕጻረ ቃል በራሱ ሕግ ሲነበብ «ሰራ» ይሆናል። ትንሹ የላቲን «ቲ» ተን፣ ትልቁ ጠን ይወክላል፤ አናባቢውም እንዲሁ በፊደል ይጻፋል። የዚህ ሥርዓት ብልኀት ማናቸውም ኮንሶል ያለ አንዳች ለውጥ ሊያሳየው መቻሉ ነው። ከኛ ጉዳይ አንጻር ሲታይ ቁጥሩንም ቅርጹንም ከላቲን ተውሶ ሰንጠረዡን በአንባቢው አእምሮ ውስጥ ያኖረ ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለ345 የግእዝ ምልክቶች ከ4608 ጀምሮ ቁጥር ሰጠ። ከዚያ በፊት በመስከረም 1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ 8 የተባለውን አጻጻፍ ፈጥረው ነበር። በዚህ አጻጻፍ የአስኪ ምልክት በ1 ባይት፣ የግእዝ ሆሄ ግን በ3 ባይት ይጻፋል።

አሁን ቁጥሮቹን እንደምር። 345 የግእዝ ምልክቶችና 95 የአስኪ ምልክቶች 440 ይሆናሉ። ይህ ከ256 ይበልጣል፤ ከ512 ግን ያንሳል። ስለዚህ አማርኛ፣ ግእዝና ትግርኛ ከላቲን ጋር በኮንሶሉ ላይ በአንድ ጊዜ ሊታዩ ይችላሉ። መቻል ብቻም ሳይሆን ተሠርቷል፤ ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርጭት የኮንሶል ማዘጋጃ ጥቅል ውስጥ «ጎሃ» እና «ጎሃ ክላሲክ» የተባሉ፣ ቁመታቸው 12፣ 14 እና 16 ነጥብ የሆነ የግእዝ ቅርጾች ይገኛሉ። «ማሽኑ አማርኛ አይችልም» የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። ይችላል፤ ቅርጹ ግን ሳይጫንለት የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የሁሉም ቋንቋዎች ዕጣ ግን አንድ አይደለም። ከ1999 ወዲህ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እትሞች ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለመኤን፣ ለብሊን፣ ለጋሞ ጎፋ ዳውሮ፣ ለባስኬቶ፣ ለጉሙዝ የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨምረው የግእዝ ምልክቶች ብዛት 523 ደርሷል። ይህ ብቻውን፣ ያለ አንድ የላቲን ምልክት፣ ከ512 ያልፋል። በ1987 ለሣጥን የተመደበ ሁለት ባይት በጉሙዝና በባስኬቶ አጻጻፍ ላይ ዛሬ ወሰን ያደርጋል ማለት ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ የኮንሶል ቅርጽ ማዘጋጀት ስለማይቻል ለየቋንቋው የተመረጠ ስብስብ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህም የትኞቹ ሆሄያት ለየትኛው ቋንቋ ግድ እንደ ሆኑ መወሰንን ይጠይቃል። ውሳኔው የቴክኒክ ባለሙያ ብቻውን የሚሰጠው ሳይሆን የቋንቋ አጥኚው ሥራ ነው።

መ. ብልሽቱን በአንድ ቃል መፈተን

ከዚህ በላይ የተባለውን በተግባር ለማሳየት «አማርኛ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቃሉ 4 ሆሄያት፣ 12 ባይቶች አሉት። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው፦

አ፦ 225፣ 138፣ 160
ማ፦ 225፣ 136፣ 155
ር፦ 225፣ 136፣ 173
ኛ፦ 225፣ 138፣ 155

ይህን ቃል በኮንሶል ላይ አስጽፈን የሚታየውን ብንቈጥር የብልሽቱን ቦታ ለማወቅ ብዙ አንቸገርም።

1ኛ. አራት አንድ ዓይነት ምልክቶች ቢታዩ፦ ኮንሶሉ ባይቶቹን በትክክል ሰብስቦ አራት ሆሄያት መሆናቸውን ተረድቷል፤ የሚሥለው ቅርጽ ግን የለውም። በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ተኪ ምልክት የተባለውን፣ የዩኒኮድ ቁጥሩ 65533 የሆነውን ነው። የተጫነው የቅርጽ ስብስብ ተኪ ምልክቱንም ካልያዘ ቀለሙ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ያሳያል። የጠፋው ቅርጹ ብቻ ስለ ሆነ መድኀኒቱ «ሴትፎንት» በተባለው ትእዛዝ የግእዝ ቅርጾችን መጫን ነው። ጽሑፉ አንዳች ጉዳት አልደረሰበትም።

2ኛ. ከአራት የበለጡ የተዘበራረቁ ምልክቶች፣ በተለይም በላዩ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» እየተደጋገመ ቢታይ፦ ኮንሶሉ ዩቲኤፍ 8ን ትቶ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እያነበበ ነው። የሚደጋገመው 225 ነው፤ እርሱ በአሮጌው የላቲን ሥርዓት የዚያ ፊደል ቁጥር ነውና። የተበላሸው የቁጥሩ አነባበብ ስለ ሆነ አዲስ ቅርጽ መጫን አንዳች አይረባም።

በዚህ በሁለተኛው ብልሽት ውስጥ ከላይ አስታውሱልን ያልነው 155 ይመጣል። የማ እና የኛ የመጨረሻ ባይት 155 ነው። ባይት በባይት ለሚያነብ የሊኑክስ ኮንሶል ይህ የፊደል ክፍል ሳይሆን የትእዛዝ መክፈቻ ነው። ስለዚህ 155ን ሳያሳይ ይውጠዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ባይት የትእዛዙ አካል አድርጎ ይወስደዋል። በ«አማርኛ» ውስጥ የር የመጀመሪያ ባይት በዚህ ምክንያት ይጠፋል፤ ከ12ቱ ባይቶች የሚቀሩት 9 ናቸው፤ ከነርሱም አንዱ ባዶ ቦታ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከኛ በኋላ አኃዝ ቢከተል ይዋጣል፤ ትልቁ የላቲን «ጄ» ቢከተል ደግሞ ከጠቋሚው ወዲያ ያለው ገጽ ይጠፋል። የቋንቋው ስም ራሱ ሁለት ጊዜ የትእዛዝ መክፈቻ ይዞ መገኘቱ በአጋጣሚ የሆነ ነው፤ ነገር ግን በአሮጌ አሠራር የሚሄድ ኮንሶል አማርኛ ሲቀርብለት ከመዘበራረቅ አልፎ ለምን «እንደሚያብድ» በሚገባ ያስረዳል።

3ኛ. አራት ቅርጾች ታይተው ሌሎች ሆሄያት ወይም እንግዳ ምልክቶች ቢሆኑ፦ ቁጥሩም ደኅና ነው፤ ቅርጾቹም አሉ፤ የተበላሸው ሰንጠረዡ ነው። የኮንሶል ቅርጽ ስብስብ እያንዳንዱ ቅርጽ የየትኛው የዩኒኮድ ቁጥር እንደ ሆነ የሚናገር ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል። ስብስቡ ያለ ሰንጠረዡ ወይም ከሌላ ስብስብ ሰንጠረዥ ጋር ቢጫን ማዛመዱ ይፋለሳል።

4ኛ. ጽሑፉ በሙሉ ደኅና ሆኖ በመስመር ጫፍ አንድ ተኪ ምልክት ብቻ ቢታይ፦ ጽሑፉን የቈረጠው ፕሮግራም የቈጠረው ሆሄ ሳይሆን ባይት ነው። ሦስት ባይት ካለው ሆሄ ሁለቱን ብቻ ወስዷል፤ ስሕተቱም ከኮንሶሉ ውጭ ነው።

ከፊደል ጋር የማይገናኙ ብልሽቶችም አሉና ባጭሩ እንጥቀሳቸው። ገጹ ጨርሶ ቢጨልም የማሳያው መጠን አወሳሰን ጉዳይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል መስጠት ለጊዜው ያሳልፋል። የፕሮግራሙ ገጽ በቅንፎችና በአኃዞች ቢሞላ ፕሮግራሙና ኮንሶሉ በተርሚናሉ ዓይነት ስም አልተስማሙም ማለት ነው። የሠንጠረዥ መስመሮች በየሣጥኑ ቢቈራረጡ በቪጂኤ ገጽ ላይ ዘጠነኛው የነጥብ ዓምድ የሚሞላው ከ192 እስከ 223 ላሉት ቅርጾች ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ መስመሮቹ በሌላ ተራ ቁጥር ከተቀመጡ ክፍተት ይኖራል። የማይነበብ የማሽን ፋይል በስሕተት ታይቶ ገጹ ቢዛባ «ሪሴት» የተባለው ትእዛዝ ኮንሶሉን ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

ሠ. ስለ ስያሜዎቹ

ከላይ ያሉት አራት ብልሽቶች በተለመደው አማርኛ ሁሉም «ፊደሉ ተበላሸ» ይባላሉ። የመጀመሪያውን በሁለተኛው መድኀኒት ለመጠገን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ክፍፍል ለውይይት እናቀርባለን።

ፊደል፦ የአንድ ጽሕፈት ምልክቶች ጠቅላላ ሥርዓት፤ «የግእዝ ፊደል»፣ «የላቲን ፊደል» እንደምንለው።

ሆሄ፦ በሥርዓቱ ውስጥ ቁጥር የሚሰጠው አንድ ምልክት። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ቢኖራቸውም ሦስት ሆሄያት ናቸው፤ እዚህ ላይ የሚቈጠረው ድምፁ ሳይሆን ጽሕፈቱ ነውና። አኃዝና ሥርዓተ ነጥብ በልማድ ሆሄ አይባሉም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ሆኖም «ምልክት» የሚለው ቃል እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ በዚህ ሙያ ውስጥ የሆሄን ትርጉም ማስፋት ይሻላል ብለን እናምናለን።

መለያ ቁጥር፦ ለሆሄው የተመደበው ቁጥር። «ኮድ» የሚለውም ቃል የተለመደ ስለ ሆነ ጐን ለጐን ቢሠራበት አይከፋም።

ምስለ ሆሄ፦ በገጹ ላይ በነጥብ የሚሣለው ቅርጽ።

ቅርጸ ፊደል፦ የምስለ ሆሄያቱ ስብስብ፣ በተለምዶ ፎንት የሚባለው። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ትርጉሞች የገቡት «ቁምፊ» እና «ቅርጸ ቁምፊ» ቁም ፊደል ከሚለው ያጠሩ ይመስላል። ቁም ፊደል ግን በጸሓፊዎች ዘንድ የአንድ ዓይነት የእጅ ጽሕፈት ስም፣ ማለትም የቅርጽ ስም ነው። የቅርጽን ስም ቅርጽ ለሌለው ሆሄ መስጠት የለየነውን መልሶ ያደባልቃል።

የአቻ ሰንጠረዥ፦ መለያ ቁጥርን ከምስለ ሆሄ የሚያገናኘው ዝርዝር።

ተኪ ምልክት፦ ሆሄው ወይም ምስሉ ሲታጣ በቦታው የሚገባው።

ኮንሶል፣ ተርሚናል፣ ባይትና ቢት እንዳሉ ቢቀሩ ይሻላል። «ተርሚናል» ለአውቶቡስና ለአውሮፕላን መናኸሪያም የሚነገር ቢሆንም ዐውዱ ስለሚለየው አያሳስትም።

ማጠቃለያ

እንግሊዝኛው ለእነዚህ ነገሮች የተለያዩ ስሞች ያገኘው አስቀድሞ አስቦበት አይደለም። ብረቱ ከወረቀት፣ ቁጥሩ ከብረት፣ ሰንጠረዡ ከቁጥር በየጊዜው ሲለያዩ ስሞቹም አብረው ተለያዩ። አማርኛ ወደ ኮንሶሉ የደረሰው ሦስቱም ከተለያዩ በኋላ ነውና ስሞቹን በአንድ ጊዜ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ይህ ከተደረገ የመልእክት ተርጓሚው «ምስለ ሆሄው አልተገኘም» እና «መለያ ቁጥሩ አልተነበበም» የሚሉትን ሁለት መልእክቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር አይመልሳቸውም፤ በጨለመ ገጽ ፊት የተቀመጠው ጠጋኝም ቅርጹን ይጭን እንደ ሆነ ወይም አነባበቡን ያስተካክል እንደ ሆነ ከመልእክቱ ያውቃል። ስለ «ሆሄ» ስፋትና ስለ «ምስለ ሆሄ» ተስማሚነት የአንባቢያንን አስተያየት፣ በተለይም ግእዝን ለአዲስ አጻጻፍ ባዋሉ ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩትን ባለሙያዎች ሐሳብ፣ በጉጉት እንጠብቃለን።